እሺ ካላሉን አንቀመጥም

ከአማት ጋር አንድ ቤት መኖር ቀላል ነው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ አማቱ የዕድር ዳኛ እንዳልነበሩ እርግጠኛ ሁኑ። የእኔ ነበሩ።

ጋሼ ይርጋ ጉለሌ ውስጥ የአንድ ትልቅ ዕድር ዳኛ ሆነው የኖሩ፣ ባልና ሚስት፣ አከራይና ተከራይ፣ ዶሮዋ የጠፋባትንና ወጡ የሸተታትን ጎረቤት ሳይቀር ያስታረቁ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ሲያርፉ ልጃቸው ሰብለ፣ ማለትም የእኔዋ ሚስት፣ «ብቻዎን አይኖሩም» ብላ ካናዳ፣ ካልጋሪ አስመጣቻቸው። እኛ ያኔ ራንድል የሚባል ሰፈር ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ተከራይተናል። እኔ ኦግደን፣ ከባቡር ሐዲዱ አጠገብ ባለ መጋዘን ፎርክሊፍት እነዳለሁ፤ ሰብለ ሆቴል ላውንድሪ ትሠራለች። ሁለታችንም ሺፍት ላይ ስንሆን ጋሼ ይርጋ መስኮት ዳር ተቀምጠው ፓርኪንጉን ያያሉ። ፓርኪንግ ደግሞ የሚታይ ነገር አይደለም።

ዕድሜ ልኩን ሲዳኝ የኖረ ሰው የሚዳኘው ሲያጣ ምን ያደርጋል? ያገኘውን ይዳኛል። ያገኙት እኛን ነበር።

አንድ ጠዋት ግድግዳው ላይ ያለውን የሙቀት መቆጣጠሪያ፣ ቴርሞስታቱን፣ ቀስ ብዬ ዝቅ ሳደርግ ከኋላዬ ጉሮሮ ተጠረገ። ሰብለ ቤቱ ይሙቅ ትላለች፣ እኔ ደግሞ በሙቀት እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ይህ በትዳራችን ውስጥ የነበረ የድንበር ጉዳይ ነው።

«ልጄ፣ ይህን ነገር የምታደርገው በራስህ ሥልጣን ነው ወይስ ተመካክራችሁ?» አሉኝ።

በዚያው ምሽት ችሎት ተሰየመ። ችሎቱ ሶፋው ነው። ከሳሽ ሰብለ በመስኮቱ በኩል፣ ተከሳሽ እኔ በቴሌቪዥኑ በኩል ቆምን።

«ምስክር አለህ?»

«ጋሼ፣ እቤት ውስጥ ያለነው ሦስታችን ብቻ ነን እኮ።»

«እንግዲያው የለህም» አሉና ቀጠሮ ሰጡ። ቀጠሮ! ለገዛ ሳሎኔ! በቀጠሮው ቀን ተፈረደብኝና የአንድ ሳምንት ሳህን አጠብኩ። አንድ ነገር ልመስክርላቸው፤ ለልጃቸው አያዳሉም። የምሸነፈው በሀቅ ነው። እሱ ነው እንዲያውም ይበልጥ የሚያናድደው።

እንዲህ እየተዳኘሁ የበረዶው ክረምት አለፈና ግንቦት ላይ ሱፐርቫይዘሬ ሁለት የቤዝቦል ቲኬት እጄ ላይ አኖረ። ስለ ቤዝቦል የማውቀው ኮፍያውን ብቻ ነበር። ግን ከዚያ ሶፋ የሚያርቀኝ ከሆነ የበሬ ግልቢያም ቢሆን እሄድ ነበር፤ ያም ካልጋሪ ሞልቷል። እሁድ ከሰዓት ጋሼ ይርጋን መኪና ውስጥ አስገባሁና ሄድን። እሳቸው ጋቢያቸውን ይዘዋል። እኔ ግንቦት ነው ብዬ በሸሚዝ ወጣሁ። ካልጋሪ ግንቦትን የምታከብረው ካላንደር ላይ ብቻ መሆኑን ስንት ዓመት ኖሬም አልተማርኩም።

ሜዳው ያረጀ ነው። መቀመጫው ወንበር አይደለም፤ ረጅም የእንጨት ሳንቃ ነው፣ ቀለሙ የተላጠ፣ መሐሉ የተሰነጠቀ፣ ምስማሩ «እንዴት ሰነበታችሁ» የሚል። ጋሼ ይርጋ ጋቢያቸውን አጥፈው ተቀመጡበት። እኔ የማጥፈው ስላልነበረኝ እንዲሁ ተቀመጥኩና ተነሣሁ። ከዚያም በጥንቃቄ ተቀመጥኩ።

የማላውቀውን ጨዋታ ለማያውቁት ሰው ማስረዳት ጀመርኩ። ከፊታችን የተቀመጠውን አንድ ፈረንጅ በእንግሊዝኛ እጠይቃለሁ፣ ዞር ብዬ በአማርኛ እንደ አዋቂ እናገራለሁ።

«ያኛው ይወረውራል፣ ይኼኛው ይመታል።»

«ካልመታስ?»

«ሦስቴ ከሳተ ይወጣል።»

«ወርዋሪው አጥፍቶ ቢወረውርስ? ጥፋቱ በመቺው ላይ ይቆጠራል?»

ፈረንጁን ጠየቅኩ። «የለም ጋሼ። ወርዋሪው አራቴ ካጠፋ መቺው በነጻ ይሄዳል።»

«በነጻ!» አሉና ቀና አሉ። «ከዚያስ?»

«ከዚያ ሦስቱን ማረፊያ ዞሮ ከተነሣበት ቦታ ተመልሶ ከደረሰ ነጥብ ነው። የተነሣበት ቦታ ስሙ ቤት ነው።»

ጭናቸውን ጠፍ አደረጉ። «ዞሮ ዞሮ ከቤት፣ ኖሮ ኖሮ ከመሬት! ይኼን ጨዋታ ያወጣው ሰውዬ እኛ አገር ኖሯል!»

ተጫዋቾቹ ለምን በየጊዜው እንደሚለዋወጡም አስረዳኋቸው። የእኛ ከተማ ቡድን አሜሪካ ላለ አንድ ትልቅ ቡድን ልጅ አሳዳጊ ነው፤ እዚህ ጎበዝ የሆነ ወደ ላይ ይጠራል፣ እዚያ የደከመ ወደ እኛ ይወረወራል። «ሹም ሽር ነው በለኛ» አሉ፣ የሚያውቀውን ነገር ያገኘ ሰው ሁሉ እንደሚደሰተው ተደስተው።

ልባቸው የተሰረቀው ግን በኋላ ነው። አንድ ሯጭ እየተንሸራተተ ገባ፤ አቧራው ተነሣ፤ ጥቁር የለበሰው ዳኛ አውራ ጣቱን አንሥቶ «ወጥተሃል» አለ። የእኛ አሠልጣኝ ቦርጩን አስቀድሞ እየሮጠ መጣ። አፍንጫ ለአፍንጫ ገጠሙ። አሠልጣኙ ኮፍያውን መሬት ላይ ጣለ፣ አፈር በእግሩ ጫረ፣ ወደ ሰማይ ጮኸ። ዳኛው እጁን አጣምሮ ሰማው። ብዙ ሰማው። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ፤ ፍርዱ ጸና፤ አሠልጣኙ ኮፍያውን አንሥቶ አራግፎ ተመለሰ።

ጋሼ ይርጋ ቆመው ነበር።

«አየህ?» አሉኝ። «አላባረረው፣ አልሰደበው። ብሶቱን ጨርሶ እስኪናገር ሰማውና ፈረደ። እኔ የማውቀው በኳስ ዳኛ ላይ ድንጋይ ሲወረወር ነው። ይኼ ጨዋታ አይደለም ልጄ፤ ችሎት ነው!»

ሰባተኛው ዙር መሐል ላይ ደግሞ ሕዝቡ በሙሉ ብድግ አለና መዝፈን ጀመረ። «ምን ፈልገው ነው?» አሉ። ፈረንጁን ጠየቅኩ። እግር ለማፍታታት ነው፣ ልማድ ነው አለኝ። ጋሼ ይርጋ አላመኑም። «ሕዝብ ዝም ብሎ አይቆምም። የሚለምነው ነገር አለው» አሉና እሳቸውም ተነሡ። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ እንደዚያ ቀን ፊታቸው ፈክቶ አይቼ አላውቅም።

ከዚያ እሁድ ወዲያ ቤታችን ሰላም ሆነ። ጋሼ ይርጋ ሳምንቱን ሙሉ ያለፈውን እሁድ ፍርድ ሲመረምሩ ይከርማሉ፤ ለእኛ ጥፋት ጊዜ የላቸውም። እኔም ቴርሞስታቱን እንደ ልቤ እነካካለሁ። ብዙም ሳይቆይ ጎረቤታችን ሐጂ ኑሩ ተጨመሩ፤ ደሴ የጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ፣ አሁን ልጃቸው ጋ የሚኖሩ አዛውንት ናቸው። ሁለቱ ሽማግሌዎች በአንድም ፍርድ ተስማምተው አያውቁም። የሚስማሙት በሳንቃው ላይ ብቻ ነው፤ ሐጂ ኑሩ አንድ ጥሩ ሱሪ ለምስማሩ ገብረዋል።

ያ ሜዳ መከራው ብዙ ነበር። የውድድሩ ዘመን በሚያዝያ ይከፈታል፣ ሚያዝያ ላይ በረዶ ይጥላል፣ ሠራተኛ በአካፋ ይጠርጋል። ከዚያ ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ ከተራራው ይወርድና የቀረውን በአንድ ከሰዓት ያቀልጠዋል። ውሃው መውረጃ የለውም። ስለዚህ ጨዋታ በበረዶ ይሰረዛል፣ በዝናብ ይሰረዛል፣ እግዜር ሲጨክን ደግሞ ፀሐይ ስለወጣ ይሰረዛል። የቡድኑ ባለቤት «ሜዳው የከተማው ነው፤ ከተማው ያድስ» ይላል። ከተማው «የሚጫወትበት ቡድኑ ነው፤ ቡድኑ ያድስ» ይላል። ጋሼ ይርጋ ይህን ሲሰሙ «ጣሪያ ሲያፈስ ማን ይጠግን የሚለው ነዋ! ስንቱን ጨርሼዋለሁ» ብለው ነበር። በጨዋታ መስሎኝ ሳቅኩ።

ሐምሌ ላይ ጋዜጣው አንድ ወሬ ይዞ መጣ፤ ነገሩ መላ ካልተገኘለት ቡድኑ ተሽጦ ወደ አሜሪካ ሊሄድ ይችላል የሚል። እኔም ምላሴን ይቁረጠውና ሳሎን ቁጭ ብዬ ጮክ አድርጌ ተርጉሜ አነበብኩላቸው።

«እንግዲህ ቡድኑ ከሄደ እኔም እሄዳለሁ» አሉ ጋሼ ይርጋ፣ ሻይ ቅጂልኝ እንደሚል ሰው ረጋ ብለው። «ቲኬቱን ለመስከረም ቁረጡልኝ።»

«አባዬ፣ የት ነው የሚሄዱት?» አለች ሰብለ።

«ቤቴ ነዋ። ዞሮ ዞሮ ከቤት።»

ሰብለ ኪችን ገብታ ቧንቧውን ከፈተች፤ የሚታጠብ ዕቃ ግን አልነበረም። ጉለሌ ያለው ቤት ባዶ ነው። እናቷ የሉበትም፣ ዕድሩን ሌላ ሰው ይዞታል። ይህን እሷም ታውቃለች፣ እሳቸውም ያውቃሉ። በማግስቱ የቴርሞስታቱ ክስ በይግባኝ ተከፈተ። ልብ በሉ፤ ሐምሌ ነው፣ እዚህ አገር የሙቀቱ ወር!

እኔም ደነገጥኩ። በመጀመሪያ ለራሴ ነበር የደነገጥኩት፣ አልዋሽም፤ መስከረም እስኪደርስ ስንት ሳህን ሊታጠብ ነው አልኩ። እያደር ግን ሌላ ነገር ሆነ። እሁድ እሁድ ጋቢያቸውን ታቅፈው በር ላይ ቆመው «ቶሎ በል እንጂ፣ ዳኛው ይጠብቀናል» ሲሉኝ ደስ ይለኝ ኖሯል። ሰውየውን ወድጃቸዋለሁ። ፈራጄን ወደድኩ፤ ምን ይባላል!

አንድ ማለዳ «ለመሆኑ ሽማግሌ ተልኳል?» አሉኝ።

«የት ጋሼ?»

«ቡድኑ ጋ። ሁለት ሰዎች ሲጣሉ መሐል የገባ ሰው አለ ወይ?»

«እዚህ አገር እንዲህ ያለው ነገር በጠበቃ ነው የሚያልቀው።»

«ጠበቃ ያጣላል እንጂ ያስታርቃል እንዴ? ተነሥ፣ ደውል።»

ሽማግሌ ቢያንስ ሦስት ሊሆን ይገባል። ጋሼ አንድ፣ ሐጂ ኑሩ ሁለት። ሦስተኛው ጠፋ። ያን ጊዜ ካልጋሪ ያለን ሐበሾች ጎረምሶች ነን፤ ኮሚኒቲው በሙሉ በማበጠሪያ ቢፈተሽ ሽበት የሚገኘው ሁለቱ ራስ ላይ ነው።

«አንተ ትሆናለህ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እኔ ገና ሠላሳዎቹ ውስጥ ነኝ።»

«ተቀያሪም ተጫዋች ነው። አንድ ሳምንት ጢምህን አትላጭ።»

አልተላጨሁም። ሽማግሌ ግን አልመሰልኩም፤ ከእስር ቤት ያመለጠ ሰው መሰልኩ። መጋዘን ውስጥ ሱፐርቫይዘሬ «እቤት ሁሉ ደህና ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ምን ልበለው?

በቀጠሯችን ቀን ከተመልካቹ መቀመጫ ሥር ወዳለው ቢሮ ገባን። ጋሼ ይርጋ በጋቢና በከዘራ፣ ሐጂ ኑሩ በነጭ ቆብና ምስማሩ በቀደደውና ልጃቸው በጣፈችላቸው በዚያው ሱሪ፣ እኔ በጢም። የቡድኑ ሥራ አስኪያጅ ፊቱ በፀሐይ የቀላ፣ ሲያዩት ደግ የሚመስል ሰው ነው። ብድግ ብሎ ጨበጠንና ሦስት ወንበር አሳየን። «ፕሊዝ፣ ተቀመጡ።»

ልማዱን ታውቁታላችሁ። ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ እሺ ሳይባልለት አይቀመጥም። የልጅቷ አባት ስንቴ ቢለምኑት መልሱ ያው «እሺ ይበሉንና እንቀመጣለን» ነው። እኛ ይህን እናውቃለን። ሥራ አስኪያጁ አያውቅም። እኔም ጢም ሳሳድግ ከርሜ አስቀድሜ መንገር ረሳሁ።

ጋሼ ይርጋ ወንበሩን ከላይ እስከ ታች አዩት። «እሺ ካላሉን አንቀመጥም በለው።»

እኔ ፈርቼ ግማሹን ዋጥኩት። «አንቀመጥም ይላሉ» አልኩ።

«ወንበሩ ችግር አለው?» አለ ሰውዬው ደንገጥ ብሎ። ከጎረቤት ክፍል ሌላ አመጣ፤ ስፖንጅ ያለው። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጎማ ያለው አስመጣ። ነቀነቁ። በመጨረሻ የራሱን የቆዳ ወንበር ከጠረጴዛው ጀርባ እየገፋ አወጣው። ሐጂ ኑሩ «አላህ ይስጥልኝ» ብለው ደረታቸውን በእጃቸው ነክተው አመሰገኑት፤ አልተቀመጡም። ክፍሉ የወንበር መደብር መሰለ፣ የተቀመጠ ሰው ግን የለም። ፀሐፊዋ በበሩ ብቅ ብላ አይታን ተመለሰች። ላቤ በጢሜ ውስጥ ይወርዳል።

በዚህ መሐል ሐጂ ኑሩ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ፎቶ ሊያዩ ዞር አሉ። ሥራ አስኪያጁ ሱሪያቸው ላይ ያለውን መጣፊያ አየ። መጣፊያውን አየ፣ ወንበሮቹን አየ፣ እኔን አየኝ።

«ሳንቃዎቹ!» አለ ግንባሩን ይዞ። «አሁን ገባኝ። ኦ ማይ ጋድ! እነዚህ አባቶች በእኛ ሜዳ ስንቴ ቢጎዱ ነው ወንበር የሚባል ነገር ማመን ያቃታቸው?»

ላስረዳው አፌን ከፈትኩ። ማን ዕድል ሰጥቶኝ! ሰውዬው ሆድ የባሰው ነበር። ውሃው አልሄድ ብሎ እንዴት እንደሚያስቸግረው፣ በበረዶ ቀን ራሱ አካፋ ይዞ እንደሚወጣ፣ ከተማው ዛሬ ነገ እያለ እንዴት እንደሚያጉላላው ሁሉን ዘረገፈው። ጋሼ ይርጋ ከዘራቸውን ተደግፈው፣ እኔ እየተረጎምኩላቸው ሰሙት። ብዙ ሰሙት። ልክ እንደዚያ ጥቁር ለባሽ ዳኛ።

ሲጨርስ ወደ እኔ ዞረው «ተበዳይ ነው» አሉ። «አሁን ጠይቀው፤ ይቅር ብለው ይቆያሉ?»

«ትቆያላችሁ ወይ ይላሉ» አልኩት።

ሰውዬው ሦስታችንንም ተራ በተራ አየን። «በእኔ ቢሆን የትም አልሄድም። ባለቤቱን እነግረዋለሁ፤ እንደነዚህ ያሉ ሰዎች መጥተው ቆመው ጠየቁን እለዋለሁ። ሳንቃውን ግን እኔው አስቀይረዋለሁ፤ ቃሌ ነው። ኦኬ?»

ኦኬን ጋሼ ይርጋ ያለ አስተርጓሚ ያውቋታል። «እሺ አለ!» አሉ። ሦስታችንም እኩል ቁጭ አልን። ሥራ አስኪያጁ በደስታ አጨበጨበ፤ እሱ ያጨበጨበው በቆዳ ወንበሩ ስለተማመንን ነው።

ቃሉን ጠበቀ። በእኛ በኩል ያለው ሳንቃ ተነቅሎ አዲስ ተመታ፤ ሐጂ ኑሩ ከመቀመጣቸው በፊት በመዳፋቸው ከጫፍ ጫፍ ዳሰሱት። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ደግሞ ጋዜጣው ከተማውና ቡድኑ ለጊዜው ተስማምተዋል፣ ሜዳው ይታደሳል፣ ቡድኑም ይቆያል አለ። ጠበቆቹ ይሁኑ፣ ምክር ቤቱ ይሁን፣ ማን እንዳስማማቸው እኔ አላውቅም። ጋሼ ይርጋ ግን ያውቃሉ። ሽማግሌ ምሥጢር አያወጣም ብለው ለማንም አልተናገሩም፤ ራንድል ውስጥ ያልሰማ ሐበሻ ግን አልነበረም።

ብቻ የአውሮፕላን ቲኬቱ ተቆርጧል። ሰብለ «እንግዲህ ይቀራሉ አይደል?» ስትላቸው «እሄዳለሁ ብያለሁ። ዳኛ ቃሉን ካጠፈ ምን ቀረው?» አሉና ሻንጣቸውን አልጋው ሥር አኖሩ። አለቀሰች። ጸጉሯን ዳበሱላት።

የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ አንድ የመስከረም እሁድ ላይ ዋለ። ሰብለም ሺፍቷን ቀይራ መጣች። በአዲሱ ሳንቃ ላይ ጋሼ ይርጋ፣ ሰብለ፣ እኔና ሐጂ ኑሩ ተደረደርን። ፀሐዩ የሚያምር ነበር፤ ካልጋሪ ሰው ሊሄድባት ሲል ትቆነጃለች። ሰባተኛው ዙር ደረሰ። ሕዝቡ ብድግ አለ፣ እኛም ተነሣን፣ ተዘፈነ፣ ሕዝቡ ተቀመጠ።

እኔ አልተቀመጥኩም። ለምን እንዳልተቀመጥኩ የገባኝ ከቆምኩ በኋላ ነው።

«ምን ሆነሃል?» አሉ ጋሼ ይርጋ።

«እሺ ካላሉን አንቀመጥም» አልኩ።

«አንቀመጥም የምትለው ከማን ጋር ነው?»

ሰብለ ተነሣች። ሐጂ ኑሩም ጉልበታቸውን ይዘው፣ «ቢስሚላህ» ብለው ተነሡ። ሦስት ሆንን።

«ሲት ዳውን!» አለ ከኋላችን አንዱ።

ጋሼ ይርጋ ከዘራቸው ላይ ሁለት እጃቸውን አኖሩ። «ተናገር።»

«እርስዎ ያሉት ቡድኑ ከሄደ እሄዳለሁ ነው» አልኩ። «ቡድኑ አልሄደም። ስለዚህ ቢቀሩ ቃልዎን አላጠፉም። ቢሄዱ ነው የሚያጠፉት።»

«ምስክር አለህ?»

«አለኝ!» አልኩ ጮክ ብዬ። «ሰብለ ነበረች። ሰምታለች።»

«ሰምቻለሁ» አለች ሰብለ፣ እንባዋ እየወረደ።

እሳቸው ሜዳውን አዩ፣ ጥቁር የለበሰውን ዳኛ አዩ። ከኋላችን አሁን ብዙ ሰው ይጮሃል፤ አንዱ እንዲያውም ፈንዲሻ ወረወረብን። አማቴን በሙግት ረትቻቸው የማላውቅ ሰው፣ በዚያ ሁሉ ፈንዲሻ መሐል ቆሜ ከንፈራቸውን አያለሁ።

«የኋለኞቹ ማየት አቅቷቸዋል» አሉ በመጨረሻ። «የሰው መብት አትንኩ። ጉዳዩ ምርመራ ይፈልጋል። ለሚያዝያ፣ ለመክፈቻው ጨዋታ ተቀጥሯል። እስከዚያ ባለጉዳዮቹም ዳኛውም ከዚህ አገር አይወጡም። ተቀመጡ።»

«አባዬ፣ መክፈቻው እኮ በየዓመቱ በበረዶ ይሰረዛል» አለች ሰብለ፣ እያለቀሰችም እየሳቀችም።

«እንግዲያው ሌላ ቀጠሮ እንሰጣለና» አሉ ዓይናቸውን ከሜዳው ሳይነቅሉ።

ተቀመጥን። ፈንዲሻውን ሐጂ ኑሩ ከትከሻዬ ላይ እየለቀሙ በሉት። ቤት ስንገባ ሰብለ ሻንጣውን ከአልጋው ሥር አውጥታ ባዶ አደረገችው፤ እኔም ማንም ሳይከሰኝ ቴርሞስታቱን ከፍ አደረግኩት።